ከኢፍጣር እስከ ሱሑር፦ የሩዝ ማብሰያ አመራረጥና አጠቃቀም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፦ ከግቢ ውጭ በጋራ ቤት ስንከራይ፣ ወይም ተመርቀን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ሥራ ስንጀምር፣ አዋጥተን ልንገዛቸው ከምናስባቸው ዕቃዎች አንዱ የሩዝ ማብሰያ ነው። ከሰል ማቀጣጠል የለበትም፤ አጠገቡ ቆሞ ማማሰል የለበትም። ሩዝና ውሃ ጨምሮ ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃል። በረመዳን ደግሞ ከክፍል ደክሞ ለሚመለስ ጾመኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም ይህ ቀላል የሚመስል ዕቃ ኮረንቲውን፣ ውሃውንና ሰዓቱን ካልጠበቁለት ገንዘብ ያስወጣል፣ ምግብ ያበላሻል፣ አልፎም ያሳምማል። የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ ከብክነት የምንጠበቀው ሩዙን ስንሰፍር ነው እንጂ ሳይጠበቅ ያደረ ትርፍ በመብላት አይደለም። ወደዚህ ሐሳብ ለመድረስ ከዕቃው አሠራር እንጀምር።

1. ዕቃው እንዴት ይሠራል?

በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ለገበያ የበቃው በጃፓን፣ በቶሺባ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የሠራው ዮሺታዳ ሚናሚ የሚባል የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን፣ ደጋግማ እያበሰለች ሙከራውን ያካሄደችው ባለቤቱ ፉሚኮ ነበረች። ከባዱ ጥያቄ ሩዙን ማፍላቱ ሳይሆን እሳቱን መቼ ማጥፋት እንደሚገባ ማወቁ ነበር።

መልሱ ያለው በውሃ ባሕርይ ውስጥ ነው። በድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የድስቱ ሙቀት ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ውሃው በሩዙ ተመጥጦና ተንኖ ሲያልቅ ግን የድስቱ ታች ሙቀት በፍጥነት ይጨምራል። ዛሬ በብዛት በምናያቸው ባለ አንድ ቁልፍ ማብሰያዎች፣ ከማሞቂያው መካከል በሞላ የምትገፋ ትንሽ ክብ ብረት አለች። በውስጧ ያለው ማግኔት ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ሲያልፍ መሳቡን ያቆማል። ያን ጊዜ ቁልፉ «ቀጭ» ብሎ ይነሣል፤ ዕቃውም ከማብሰል ወደ ማሞቅ ይዞራል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ማብሰያው ሩዙ መብሰሉን እንደማያውቅ ነው፤ የሚያውቀው ውሃው ማለቁን ብቻ ነው። ውሃውን አሳንሰን ከሰጠነው ጥሬውን ያጠፋዋል፤ አብዝተን ከሰጠነው ገንፎ እስኪሆን ያፈላዋል። በተጨማሪም ያቺ ክብ ብረትና የድስቱ ታች በደንብ መነካካት አለባቸው። በመካከላቸው አንዲት የሩዝ ፍሬ ብትገባ ወይም ድስቱ ታቹ ቢጎድጉድ፣ ዕቃው ያለጊዜው ሊጠፋ ወይም ሊያሳርር ይችላል።

2. ስንገዛ ምን እንይ?

መጠን። ከማብሰያው ጋር የሚመጣው መስፈሪያ ብዙውን ጊዜ 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወደ 150 ግራም ጥሬ ሩዝ ይይዛል። ወጥ ወይም ሾርባ ካለ አንድ መስፈሪያ ሁለት ሰው ያበላል። በካርቶኑ ላይ 1 ሊትር የሚለው ብዙ ጊዜ 5 መስፈሪያ፣ 1.8 ሊትር የሚለው 10 መስፈሪያ ጥሬ ሩዝ ማለት ነው። አራት ሆነው ለሚኖሩ ተማሪዎች የ1 ሊትሩ ይበቃል። «እንግዳ ይመጣል» ብሎ ትልቁን መግዛት ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። ጥቂት ሩዝ በሰፊ ድስት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ታቹም ያርራል። ድስቱን ለመሙላት ሲባልም ከሚበላው በላይ ይበሰላል።

ቮልት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በዕቃው ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ከ220 እስከ 240 ቮልት ማለት አለበት። ከውጭ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። በአሜሪካ 120 ቮልት፣ በጃፓን 100 ቮልት ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያም በቤቶች ውስጥ ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ይሠራበት ነበር። ለ110 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ የሚስበው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የ500 ዋቱ ዕቃ 2,000 ዋት ልሳብ ይላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል፣ ወይም ያቃጥላል።

መሰኪያ። ከሳዑዲና ከዱባይ የሚመጡ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አላቸው፤ የእኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ ነው። ሽቦውን ልጦ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ መወተፍ እሳት የሚያስነሣ ልማድ ነው። ጠንካራ አዳፕተር ግዙ፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪሺያን መሰኪያውን ከነመሬት ሽቦው ይቀይርላችሁ።

ድስቱና ክዳኑ። ድስቱን አንሡና በእጃችሁ መዝኑት። ስስ ከሆነ ቶሎ ያሳርራል፣ ቶሎም ይጎድጉዳል። ታቹ ለጥ ያለ፣ ውስጡ ያልተቧጨረ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። ለአገልግሎት የቆየ ዕቃ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት ግማሽ መስፈሪያ ውሃ ጨምራችሁ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ። ውሃው ፈልቶ ሲያልቅ ቁልፉ በራሱ ካልተነሣ ዕቃው ጤነኛ አይደለም።

3. የእኛ ከተሞች ከፍታና የሩዙ ውሃ

በካርቶኑ ላይ ያለው የውሃ ልክ የተጻፈው በአብዛኛው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ግን የመፍያው ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ነው። ነቀምቴ ወደ 2,090 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሻምቡ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትደርስ ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ዝቅ ስለሚሉ ወደ 94 ይጠጋሉ።

ልዩነቱ በሩዙ ላይ ይታያል። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ሩዙ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ብዙ ውሃ ይተናል። ስለዚህ በነቀምቴ የሩዙ መካከል ጥሬ ሆኖ ሲቀር፣ ዕቃውን ከመውቀስ በፊት ውሃውን መጨመር ይቀድማል። በጊምቢ ልምድ ያደረገ ተማሪም ሻምቡ ሲዛወር ልኩን እንደገና መፈለግ ሊኖርበት ይችላል።

የሩዙ ዓይነትም ይለያያል። ከውጭ የሚገባው ረጅሙ ነጭ ሩዝ ሲበስል ይበታተናል። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ አጠር ያለና የሚያያዝ ነው፤ በዚያ አካባቢ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራም ይሆናል። ለእኛ ቀረብ የሚለው ደግሞ በቡኖ በደሌ ዞን ያለው የጨዋቃ ሩዝ ነው። ጨዋቃ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከሐረርጌ ተነሥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ሩዝ የሚያመርቱባት ወረዳ ናት። የአገር ውስጥ ሩዝ ስንገዛ ስባሪውንና ጠጠሩን በሰፌድ መልቀም ያስፈልጋል።

መነሻ ልክ ይህን ያዙ፦ ለአንድ መስፈሪያ ረጅም ነጭ ሩዝ አንድ ከሦስት አራተኛ መስፈሪያ ውሃ፣ ለአንድ መስፈሪያ የአገር ውስጥ ሩዝ ሁለት መስፈሪያ ውሃ። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የመጀመሪያውን ሩዝ ካያችሁ በኋላ ሩብ መስፈሪያ ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ የተስማማችሁን ልክ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

4. አበሳሰል በደረጃ

ሀ. ሩዙን ከለቀማችሁ በኋላ ውሃው ጠራ እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። በማብሰያው ድስት ውስጥ ሳይሆን በሌላ ዕቃ እጠቡ፤ የድስቱ ቅብ በመታሸት ይጎዳል።

ለ. ጊዜ ካለ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። በከፍታ ቦታ መዘፍዘፍ በጣም ይረዳል።

ሐ. የድስቱን ውጭና የማሞቂያውን ገጽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ድስቱን አስገብታችሁ ግራና ቀኝ ትንሽ አዙሩት፤ በደንብ ይቀመጣል።

መ. ቢስሚላህ ብላችሁ ሩዙን፣ ውሃውን፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ አረፋው እንዳይገነፍል ይረዳል።

ሠ. ቁልፉን ተጫኑ፤ ክዳኑን አትክፈቱ። በከፈታችሁ ቁጥር እንፋሎት ይወጣል፣ የሰፈራችሁት ውሃም ይጎድላል።

ረ. ቁልፉ ሲነሣ ወዲያው አታውጡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ክዳኑ እንደተዘጋ ይቆይ፤ ላይ ያለው ውሃ ወደ ታች ይዳረሳል። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ አላቁት። መካከሉ ጥሬ ከሆነ ሩብ መስፈሪያ የፈላ ውሃ አርከፍክፋችሁ ቁልፉን እንደገና ተጫኑ።

ኮረንቲው ሲዳከምም ማብሰያው ይዘገያል። ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የ700 ዋቱ ዕቃ የሚሰጠው 470 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምግብ በሚያበስልበት ሰዓት ይህ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ለኢፍጣር ቀደም ብላችሁ ጣዱ።

እያበሰላችሁ መብራት ቢጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ። ባለ አንድ ቁልፍ ማብሰያ ቁልፉ እንደተጫነ ስለሚቆይ መብራት ሲመጣ በራሱ ይቀጥላል። ስለዚህ ለተራዊሕ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከቤት የምትወጡ ከሆነ ንቀሉት። መብራቱ ከዘገየ ሩዙን ወደ ተራ ድስት ገልብጣችሁ በከሰል ጨርሱት፤ የማብሰያው ድስት ለከሰል አልተሠራም። ከሰሉንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

5. ያደረ ሩዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ቤት ለኢፍጣር ሲበሰል ለሱሑርም ታስቦ ይበዛል፤ ማብሰያው እንደተሰካ ያድራል። ኢፍጣር ከምሽቱ 12፡30፣ ሱሑር ከሌሊቱ 10፡30 አካባቢ ቢሆን በመካከሉ አሥር ሰዓት አለ።

በጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በዘር መልክ ሊኖር ይችላል። ይህ ዘር በመፍላት አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ ግን ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ማስመለስ የሚያስከትለው መርዝ ደግሞ በድጋሚ በማሞቅ አይጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «አሙቄ በልቼዋለሁ» ማለት መድኃኒት አይደለም። ጠረኑና ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል።

ጤነኛ ማብሰያ መብራት እስካለ ሩዙን ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚይዘው ባክቴሪያው አይራባም። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ጠፍቶ 9 ሰዓት ቢመለስ እኛ ተኝተናል፤ ለሱሑር ስንነሣ ሩዙ ትኩስ ነው፣ መብራቱም በርቷል። ለአምስት ሰዓት ለብ ብሎ መቆየቱን የሚነግረን ምልክት የለም።

በዚህ ሩዝ የሚመጣው ሕመም ከተበላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማስመለስ፣ ወይም ዘግይቶ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ውሃ ለማይጠጣ ጾመኛ የሰውነት ፈሳሽ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። የታመመ ሰው ማፍጠር እንደሚፈቀድለትና በኋላ ቀዷ እንደሚያወጣ እናውቃለን፤ ውሃና ኦ አር ኤስ ይጠጣ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ደም ከታየ ወይም ራሱን ማዞር ከጀመረው ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ትርፉን ሩዝ በሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጎ ያብርድ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገባ። በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ አሙቆ ይጨርሰው።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለኢፍጣር የሚበቃውን ብቻ ያብስል። ለሱሑር የሚሆነውን ጥሬ ሩዝ ማታ ለቅሞና ሰፍሮ በደረቁ ያስቀምጥ፤ ሌሊት ተነሥቶ ያብስለው። ሌሊት መብራት ባይኖርስ? ዳቦ፣ ቴምርና ውሃ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሱሑር በእነሱም ይሆናል።

ሁለት ጊዜ ማብሰል ኮረንቲ ያባክናል የሚል ካለ እናስላ። 700 ዋት ማብሰያ በግማሽ ሰዓት የሚፈጀው 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማሞቂያው 50 ዋት ቢሆንና አሥር ሰዓት ቢያድር 0.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሲሞቅ ያደረው አዲስ ከሚበስለው ይበልጣል።

ኢስራፍ በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ላይ ከመብላትና ከመጠጣት ጋር ተያይዞ እንደተከለከለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ወንድም ይህን በማሰብ ምግብ መድፋት ስለሚከብደው የተጠራጠረውን ሩዝ ይበላል። ጭንቀቱ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። ኢስራፉ የተፈጸመው ለአራት ሰው ስድስት መስፈሪያ በተሰፈረ ጊዜ ነው። ከምግብ በፊት «ስንት ነን?» ብሎ መጠየቅ ብክነትንም ሕመምንም ይከላከላል። የሚተርፍ መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ፣ ገና ትኩስ እያለ ለጎረቤት መላክ ይሻላል።

6. የሌላውን ሐቅ መጠበቅ

በዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ማብሰያ መሰካት ከተከለከለ ክልከላውን ማክበር አማና ነው። የአንድ ክፍል ጥፋት የብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጠፋ እሳት ሊሆን ይችላል።

በኪራይ ቤት ደግሞ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ለአከራዩ ሳይነግሩ ማብሰያ መጠቀም የሰው ሐቅ መንካት ነው። ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከላይ ያለውን ስሌት አሳይታችሁ በክፍያው ተስማሙ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ስለሚስብ፣ እሜቴ እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት ማብሰያውን አትሰኩ። በስስ ሽቦ በተሠራ ዲቫይደር ላይ ከካውያና ከውሃ ማፍያ ጋር ደርቦ መሰካትም አይገባም፤ ማብሰያው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ።

የተለያየ እምነት ካላቸው ጓደኞች ጋር አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ገና ዕቃውን ስትገዙ ተነጋገሩ። ማብሰያው ለሩዝ፣ ለጥራጥሬና ለአትክልት ብቻ ይሁን፣ ሥጋ በሌላ ድስት ይሠራ የሚል ስምምነት የእኛንም የሥጋ ጉዳይ፣ የጓደኞቻችንንም ጾም ያከብራል።

7. ከሩዝ ሌላ

አንድ ዕቃ ለብዙ ነገር መዋሉ ጥሩ ነው። የወለጋን አንጮቴ ከነልጣጩ አጥባችሁ፣ ውሃ እስኪሸፍነው ጨምራችሁ መቀቀል ትችላላችሁ። ውሃው ካላለቀ ቁልፉ ስለማይነሣ በሹካ እየወጋችሁ ሲለሰልስ እናንተው አጥፉት፤ ከዚያ ይላጣል። ቂንጬና ምስርም ይሆናሉ፤ ስለሚገነፍሉ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሙላ።

ስታጸዱ መጀመሪያ ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ። ድስቱን በውሃ ዘፍዝፋችሁ በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡ፤ የብረት ሽቦ አይንካው። አካሉን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ለጀመዓ ውይይት

ሀ. በቤታችን ስንት ሰው አለ? ለኢፍጣር ስንት መስፈሪያ ይበቃናል?

ለ. ዛሬ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ሱሑራችን ምንድን ነው?

ሐ. የማብሰያውን ኮረንቲ የሚከፍለው ማን ነው? ያውቃልን?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ቤት ሩዙንም ጤናውንም ጠብቋል። አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን የተባረከ፣ ጾማችንን ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።